ዋናውና ተጠባባቂው፦ መረጃን በሁለት ሰርቨሮች ላይ አንድ አድርጎ ስለ መጠበቅ

መግቢያ

ቅድስት ቤተ ክርስቲያናችን መጻሕፍትን ከብራና ወደ ብራና እየገለበጠች ከትውልድ ወደ ትውልድ ስታስተላልፍ ኖራለች። አንድ መጽሐፍ በአንድ ዕቃ ቤት ብቻ ሲቀመጥ እሳት፣ ምስጥ ወይም ዝርፊያ ሊያጠፋው እንደሚችል፣ ቅጂው በሌላ ደብር ሲኖር ግን ትምህርቱ እንደማይቋረጥ አባቶቻችን ያውቁ ነበር። በቅርቡ ዘመንም እ.ኤ.አ. በ1973 የኢትዮጵያን የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም የማንሣት ሥራ ተጀምሮ ከ9,000 በላይ ብራናዎች ተነሥተዋል። ብራናዎቹ በየገዳማቱና በየአድባራቱ እንዳሉ፣ የፊልሙ ቅጂ በአዲስ አበባና በአሜሪካ ሚኒሶታ ግዛት በምትገኘው ኮሌጅቪል እንዲቀመጥ ተደርጓል። ይህ ሥራ ለሊቃውንት ጥናት ከሰጠው አገልግሎት ባሻገር፣ ዋናው ቢጠፋ ይዘቱ እንዳይጠፋ አድርጓል።

ዛሬ የልማትና የተራድኦ ሥራ መዝገብ የሚቀመጠው በአብዛኛው በብራና ወይም በወረቀት ሳይሆን በሰርቨር ዲስክ ላይ ነው። የተረጂዎች ስም ዝርዝር፣ የስደተኞች የአገልግሎት ማኅደር፣ የውኃ ጉድጓዶች ጥናት፣ የግዥና የሒሳብ ሰነድ፣ ለለጋሾች የሚቀርበው ሪፖርት ሁሉ በዚያ ይገኛል። እህል በሚከፋፈልበት ዕለት ጠዋት መዝገቡ አልከፈት ቢል፣ ልጅ አዝላ ከሩቅ ቀበሌ በእግሯ የመጣች እናት ስሟ እስኪገኝ ፀሐይ ላይ ትቆማለች፤ መዝገቡ ጨርሶ ከጠፋ ደግሞ ባዶ እጇን ልትመለስ ትችላለች። ስለዚህ የመረጃ ጥበቃ ለኮምፒውተር ባለሙያ ብቻ የሚተው ጉዳይ ሳይሆን የአደራ ጉዳይ ነው።

ይህን አደራ ለመወጣት ብዙ ተቋማት ከዋናው ሰርቨር ጎን ተጠባባቂ ሰርቨር ያቆማሉ። ይሁን እንጂ ተጠባባቂ ሰርቨር መግዛት ብቻውን መረጃን አያድንም። ሁለቱ ሰርቨሮች እንዴት እንደሚመሳሰሉ፣ በምን ምክንያት እንደሚለያዩ፣ በተለያዩም ጊዜ የትኛው እንደሚታመን አስቀድሞ ያልወሰነ ተቋም፣ ሁለት ሰርቨር እያለው መረጃውን ሊያጣ ይችላል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አሠራሩን ከመሠረቱ በማስረዳት፣ ኃላፊዎችና ባለሙያዎች በአንድነት ሊወስኗቸው የሚገቡትን ነጥቦች ማመልከት ነው።

1. ሬፕሊኬሽን ምንድን ነው?

በሰርቨር ውስጥ ያለው የዲስክ ቦታ ተከፋፍሎ ለየሥራው ይመደባል። እንዲህ ለአንድ ሥራ የተመደበውና ራሱን እንደ ቻለ ዲስክ ሆኖ የሚታየው ክፍል ቮልዩም ይባላል። ቮልዩሙ ደግሞ ብሎክ በሚባሉ እኩል የሆኑ ትናንሽ ክፍሎች የተከፈለ ነው፤ የተለመደው የብሎክ መጠን 4 ኪሎባይት ነው። አንድ ሠራተኛ ሪፖርት ሲያስቀምጥ ወይም በዳታቤዝ ውስጥ የአንድን ተረጂ ስም ሲያርም፣ በዲስኩ ላይ የሚፈጸመው የተወሰኑ ብሎኮች እንደ አዲስ መጻፋቸው ነው።

ሬፕሊኬሽን ማለት በዋናው ሰርቨር ቮልዩም ላይ የተጻፈ እያንዳንዱ ብሎክ በኔትወርክ ተጉዞ፣ በተጠባባቂው ሰርቨር ቮልዩም ላይ በተመሳሳይ ቦታ እንዲጻፍ የሚያደርግ አሠራር ነው። በዚህ ዘርፍ ከታወቁት ነጻ ሶፍትዌሮች አንዱ፣ እ.ኤ.አ. በ2010 በወጣው የሊኑክስ ከርነል እትም 2.6.33 ውስጥ የተካተተው ዲአርቢዲ ነው። እንዲህ ያለው ሶፍትዌር በብሎክ ደረጃ ስለሚሠራ የሚያሳልፈው ሰነድ ደብዳቤ ይሁን የሒሳብ መዝገብ አይለይም። የሚያውቀው የብሎኩን ቁጥርና በውስጡ ያለውን ጽሕፈት ብቻ ነው። ጥንካሬውም ድክመቱም የሚመነጨው ከዚህ ጠባዩ ነው፤ ምንም ሳይመርጥ ሁሉን ይገለብጣልና።

መመሳሰል ሲባል የብሎኮቹ ይዘት ብቻ ሳይሆን የተጻፉበት ቅደም ተከተልም መጠበቅ አለበት። ዳታቤዝ አንድን ለውጥ ከመፈጸሙ በፊት ሊፈጽመው ያሰበውን በመከታተያ መዝገቡ ላይ ያሰፍራል፤ ከዚያ በኋላ ዋናውን መረጃ ይለውጣል። መብራት በድንገት ቢጠፋ፣ ሲነሣ ያን መዝገብ አንብቦ የተቋረጠውን ሥራ ያስተካክላል። ተጠባባቂው ሰርቨር ኋለኛውን አስቀድሞ፣ ፊተኛውን አስከትሎ ቢጽፍ ግን፣ በአደጋ ጊዜ የሚገኘው ቅጂ እርስ በርሱ የማይስማማ ይሆናል። በመሆኑም የዳታቤዙ መረጃና የመከታተያ መዝገቡ በሁለት የተለያዩ ቮልዩሞች ላይ ካሉ፣ ሁለቱም እንደ አንድ ቡድን ተቆጥረው ቅደም ተከተላቸው ሳይዛነፍ በአንድነት መተላለፍ ይገባቸዋል።

2. አብሮ መጻፍና ተከትሎ መጻፍ

ሬፕሊኬሽን በሁለት ዐበይት መንገዶች ይከናወናል። የመጀመሪያውን በካርቦን ከሚቆረጥ ደረሰኝ ጋር ልናነጻጽረው እንችላለን። ገንዘብ ያዡ ሲጽፍ ግልባጩም በዚያው ቅጽበት ይጻፋል፤ ዋናው ኖሮ ግልባጩ የሚጎድልበት ጊዜ የለም። በሰርቨርም እንዲሁ፣ በዋናው ላይ የተጻፈው በተጠባባቂው ዲስክ ላይ መጻፉ እስኪረጋገጥ ድረስ ፕሮግራሙ «ተጽፏል» የሚል ምላሽ አያገኝም። ሁለተኛው መንገድ፣ ቀን የተጻፈውን መዝገብ በሌላ ደብተር ላይ እየተከተለ የሚገለብጥ ጸሐፊን ይመስላል። ዋናው ሥራ ጸሐፊውን ሳይጠብቅ ይቀጥላል፤ ጸሐፊው ግን ሁልጊዜ ጥቂት ወደ ኋላ የቀረ ነው። በዲአርቢዲ በሁለቱ መካከል ሌላ አማራጭም አለ፤ ይኸውም መረጃው ወደ ተጠባባቂው ዲስክ ገና ሳይገባ፣ ተጠባባቂው ማስታወሻ ላይ መድረሱ ብቻ እንደ በቂ ማረጋገጫ የሚቆጠርበት ነው።

አብሮ መጻፍ አንድም የተረጋገጠ ጽሕፈት ስለማያስጠፋ የተሻለ መስሎ ይታያል፤ ዋጋው ግን በርቀት ይጨምራል። ብርሃን በፋይበር ገመድ ውስጥ በሴኮንድ ወደ 200,000 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። በዚህ ስሌት በአዲስ አበባና በአዳማ መካከል ላለው ወደ 100 ኪሎ ሜትር ርቀት፣ ለመሄድና ለመመለስ አንድ ሚሊ ሴኮንድ ያህል ይወስዳል። በመኪና መንገድ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ለሚርቀው ባሕር ዳር ከ5 ሚሊ ሴኮንድ በላይ ያስፈልጋል። ይህ የብርሃኑ ጉዞ ብቻ ነው፤ በየመካከሉ ያሉት የኔትወርክ መሣሪያዎች የሚያዘገዩት ሲጨመር ጊዜው ይረዝማል። አምስት ሚሊ ሴኮንድ ለሰው ዓይን ኢምንት ቢሆንም፣ አንዱን ጽሕፈት ሳይጨርስ ሌላውን ለማይጀምር ፕሮግራም በሴኮንድ ከ200 ጽሕፈት በላይ እንዳያልፍ ይገድበዋል። ስለዚህ አብሮ መጻፍ በአንድ ግቢ ወይም በአንድ ከተማ ላሉ ሰርቨሮች፣ ተከትሎ መጻፍ ደግሞ በተራራቁ ከተሞች ለሚገኙ ሰርቨሮች ይመረጣል።

ተከትሎ መጻፍን የመረጠ ተቋም ምን ያህል ወደ ኋላ እንደሚቀር አስልቶ ማወቅ አለበት። ለምሳሌ በ8 የሥራ ሰዓት ውስጥ በዋናው ሰርቨር ላይ 40 ጊጋባይት የሚጻፍ ቢሆን፣ የኔትወርኩ አቅም ደግሞ በሴኮንድ አንድ ሜጋባይት ቢሆን፣ በእነዚያ ሰዓታት ሊተላለፍ የሚችለው 28.8 ጊጋባይት ብቻ ነው። የቀረው 11.2 ጊጋባይት ወረፋ ይጠብቃል፤ ወረፋውም የሚያልቀው ከሥራ ሰዓት በኋላ ሌላ 3 ሰዓት ያህል ቆይቶ ነው። በሥራው ማብቂያ ላይ ዋናው ሰርቨር ቢቃጠል፣ ከሁለት ሰዓት በላይ የተሠራው ሥራ በተጠባባቂው ላይ አይገኝም። «ተጠባባቂ አለን» የሚለው ቃል ትርጉም የሚኖረው፣ «ስንት ሰዓት ወደ ኋላ የቀረ ተጠባባቂ?» የሚለው ጥያቄ ሲመለስ ነው።

3. ግንኙነቱ ሲቋረጥና ሲመለስ

በአገራችን የመብራትና የኔትወርክ መቋረጥ ያልተለመደ ነገር አይደለም። ግንኙነቱ በተቋረጠ ጊዜ ዋናው ሰርቨር ሥራውን ይቀጥላል፤ ተጠባባቂው ግን በተቋረጠበት ሰዓት እንዳለ ይቆማል። ግንኙነቱ ሲመለስ ጠቅላላውን ቮልዩም እንደ አዲስ መገልበጥ አስፈላጊ አይሆንም። ዋናው ሰርቨር በተቋረጠው ጊዜ የተለወጡትን ብሎኮች በምልክት መዝገብ ይይዛል፤ ለእያንዳንዱ 4 ኪሎባይት አንድ ቢት ብቻ ስለሚበቃ፣ ለአንድ ቴራባይት ዲስክ የሚያስፈልገው የምልክት መዝገብ 32 ሜጋባይት ያህል ነው። ግንኙነቱ ሲመለስ ምልክት ያለባቸው ብሎኮች ብቻ ይላካሉ።

በዚህ ቦታ ብዙዎች የማያስተውሉት አደጋ አለ። የተለወጡት ብሎኮች በሚላኩበት ጊዜ የአጻጻፋቸው ቅደም ተከተል አይጠበቅም፤ እንደ ቁጥራቸው ተራ ይላካሉ። በዚህ ምክንያት ማመሳሰሉ እስኪፈጸም ድረስ ተጠባባቂው ግማሹን አሮጌ ግማሹን አዲስ የያዘ፣ ሊነበብ የማይችል ቅጂ ይሆናል። ዋናው ሰርቨር በዚያ መካከል ቢወድቅ ተቋሙ ከሁለቱም ያጣል። መፍትሔው ማመሳሰሉ ከመጀመሩ በፊት የተጠባባቂውን ቮልዩም ስናፕሾት መያዝ ነው፤ ማለትም ቮልዩሙ በዚያች ሰዓት የነበረበትን ሁኔታ ለይቶ ማቆየት ነው። በዚህ መንገድ ያረጀ ቢሆንም የተሟላ ቅጂ ይኖራል።

የመጀመሪያው ማመሳሰልም የራሱ ስሌት አለው። ሁለት ቴራባይት መረጃ በሴኮንድ 20 ሜጋቢት በሚያስተላልፍ መስመር ቢላክ ከ9 ቀናት በላይ ይወስዳል። ስለዚህ ሁለቱን ሰርቨሮች በመጀመሪያ በአንድ ክፍል ውስጥ አመሳስሎ፣ ከዚያም ተጠባባቂውን በመኪና ወደ ቦታው መውሰድና የጎደለውን ብቻ በኔትወርክ ማሟላት የተሻለ ነው።

4. ሁለት ዋና በአንድ ጊዜ ሲኖር

ግንኙነቱ ሲቋረጥ ተጠባባቂው ሰርቨር ዋናው ወድቆ ይሁን ገመዱ ተበጥሶ በራሱ ሊያውቅ አይችልም። ዋናው የወደቀ መስሎት ሥራውን ቢረከብ፣ በሁለት ቦታ ሁለት ዋና ሰርቨሮች ይኖራሉ ማለት ነው። አንዱ ቢሮ በዚህኛው፣ ሌላው ቢሮ በዚያኛው ላይ ሲጽፍ ይውላል። ግንኙነቱ ሲመለስ ሁለቱ መዛግብት አይስማሙም፤ አንዱን ዋና ማድረግ የሌላውን ሥራ መሠረዝ ይሆናል።

ይህ በትልልቅ ድርጅቶችም የደረሰ ነው። የሶፍትዌር ባለሙያዎች ሥራቸውን የሚያስቀምጡበት ጊትሃብ፣ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 21 ቀን 2018 የኔትወርክ መሣሪያ በመለወጥ ላይ ሳለ በአሜሪካ ምሥራቅ ጠረፍ ለ43 ሴኮንድ ግንኙነት ተቋረጠበት። ራሱን ችሎ የሚወስነው ሥርዓት የዳታቤዙን ዋናነት ወደ ምዕራብ ጠረፍ አዛወረው። ይሁን እንጂ በምሥራቁ የተጻፉና ወደ ምዕራብ ገና ያልደረሱ ጥቂት ጽሕፈቶች ነበሩ፤ በምዕራቡም ላይ ወዲያው አዲስ መጻፍ ተጀምሮ ነበር። ድርጅቱ ከፍጥነት ይልቅ የመረጃውን እውነተኝነት መርጦ በጥንቃቄ ሲያስተካክል፣ አገልግሎቱ ለ24 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ተስተጓጎለ። የ43 ሴኮንድ መለያየት የአንድ ሙሉ ቀን ድካም አስከተለ።

ከዚህ የምንማረው የርክክቡ ሥርዓት አስቀድሞ መወሰን እንዳለበት ነው። አንደኛው ዘዴ በሦስተኛ ቦታ ምስክር የሚሆን አነስተኛ ሰርቨር ማቆም ነው፤ ከሦስቱ ሁለቱ ካልተስማሙ ማንም ዋና አይሆንም። ለአነስተኛ ተቋማት ደግሞ ርክክቡን ለማሽኑ ሳይተዉ፣ ኃላፊነት የተሰጠው ሰው ዋናው በእርግጥ መቆሙን በስልክና በአካል አረጋግጦ እንዲፈጽመው ማድረግ ይበቃል። ጥቂት ደቂቃዎች ቢዘገይም ከሁለት መዝገብ ይሻላል።

5. ተጠባባቂ ሰርቨር ባክአፕን አይተካም

ስሕተት ያለበትን መጽሐፍ አምኖ የሚገለብጥ ቁም ጸሐፊ፣ ስሕተቱንም አምኖ ይገለብጣል። ሬፕሊኬሽንም እንዲሁ ነው። አንድ ሠራተኛ በስሕተት የሰረዘው ማኅደር በተጠባባቂው ላይም ወዲያው ይሰረዛል። ፋይሎችን ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ በዋናው ላይ የቆለፈው ሁሉ በተጠባባቂውም ላይ ተቆልፎ ይገኛል። ማመሳሰሉ በፈጠነ መጠን ጥፋቱም በዚያው ፍጥነት ይተላለፋል።

እ.ኤ.አ. ጥር 31 ቀን 2017 ጊትላብ በተባለው ድርጅት የደረሰው ይህን በሚገባ ያስረዳል። አንድ ባለሙያ ወደ ኋላ የቀረውን ተጠባባቂ ዳታቤዝ ሊያስተካክል ሲሠራ፣ የመሰረዝ ትእዛዙን በተጠባባቂው ፈንታ በዋናው ላይ ሰጠ። ወዲያው ቢያቆመውም ከ300 ጊጋባይት ያህል የቀረው 4.5 ጊጋባይት ብቻ ነበር። ወደ ባክአፕ ሲዞሩ በየዕለቱ ይወሰዳል የተባለው ቅጂ ለካ አልነበረም፤ የባክአፑ ፕሮግራም እትም ከዳታቤዙ እትም ጋር ባለመስማማቱ ሥራው ሳይሳካ ቆይቷል፣ ይህን የሚያሳውቀው ኢሜይልም ለሠራተኞቹ አልደረሰም ነበር። ያዳናቸው ከ6 ሰዓት በፊት ለሌላ ሥራ የተወሰደ ስናፕሾት ነው፤ በመካከል ያለው የ6 ሰዓት ሥራ ግን ጠፋ።

ቅጂዎች በአንድ ቦታ መከማቸታቸውም ሌላ አደጋ ነው። እ.ኤ.አ. መጋቢት 10 ቀን 2021 በፈረንሳይ ስትራስቡርግ ከተማ በኦቪኤች ድርጅት የመረጃ ማዕከል ላይ እሳት ተነሥቶ አንዱን ሕንፃ ሙሉ በሙሉ አወደመ። ባክአፓቸው በዚያው ግቢ ተቀምጦ የነበረ ደንበኞች ዋናውንም ቅጂውንም በአንድ ሌሊት አጥተዋል።

ስለሆነም ሁለቱ የተለያየ ተግባር እንዳላቸው መገንዘብ ይገባል። ተጠባባቂ ሰርቨር ሥራ እንዳይቋረጥ ይጠብቃል፤ ባክአፕ ደግሞ ወደ ትናንት፣ ወደ ባለፈው ሳምንት ወይም ወደ ባለፈው ወር ለመመለስ ያስችላል። አንዱ ሌላውን አይተካም። ቢያንስ አንዱ ባክአፕ ከኔትወርኩ ተለይቶ፣ ከዋናው ሕንፃም ርቆ መቀመጥ አለበት።

6. በተቋማችን ምን ይደረግ?

ከላይ የተገለጸው ወደ ተግባር ሲመለስ የሚከተሉትን ይጠይቃል።

ሀ. የሥራ ኃላፊዎች ሁለት ጥያቄዎችን በጽሑፍ ይመልሱ፦ የስንት ሰዓት መረጃ ቢጠፋ ልንሸከመው እንችላለን? አገልግሎቱስ ለስንት ሰዓት ቢቋረጥ ሥራችን ይታገሣል? መልሱ ለሒሳብ መዝገብና ለፎቶግራፍ ማኅደር አንድ አይሆንም። ባለሙያው የማመሳሰሉን ዓይነት የሚመርጠው ይህ መልስ ሲሰጠው ነው።

ለ. የተጠባባቂው ቮልዩም መጠን ከዋናው አይነስ። ዋናውን አስፍቶ ተጠባባቂውን መርሳት የተለመደ የመቋረጥ ምክንያት ነው።

ሐ. ማመሳሰሉ ስንት ደቂቃ ወደ ኋላ እንደቀረ በየዕለቱ ይታይ፣ ይመዝገብም። ማስጠንቀቂያው ለአንድ ሰው ብቻ አይላክ፤ ማስጠንቀቂያ አለመምጣቱም ሥራው ለመሳካቱ እንደ ማስረጃ አይቆጠር።

መ. ሁለቱ ቮልዩሞች በእርግጥ አንድ መሆናቸው በየወሩ ብሎክ በብሎክ ይመሳከር። ዲስክ ሳያሳውቅ የሚያበላሸው ብሎክ ሊኖር ስለሚችል፣ የተላከ ሁሉ በትክክል ተቀምጧል ተብሎ አይታመንም።

ሠ. በዓመት ቢያንስ ሁለት ጊዜ፣ ሥራ በሚቀልበት ቀን፣ ዋናው ሰርቨር ሆን ተብሎ እንዲቆም ተደርጎ አገልግሎቱ በተጠባባቂው ይካሄድ። ባክአፕም በሌላ ማሽን ላይ ተመልሶ መነበቡ ይረጋገጥ። በልምምድ ያልተፈተነ ተጠባባቂ በአደጋ ቀን ያሳፍራል።

ረ. በኔትወርክ የሚተላለፈው መረጃ በምስጢር ኮድ ይቆለፍ። የስደተኛና የተረጂ ማኅደር የሰውን ክብርና ደኅንነት የሚነካ ነው፤ በ2016 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1321ም የግል መረጃን የመጠበቅ ግዴታ ይጥላል። መረጃን በሁለት ቦታ ማኖር የጥበቃውን ኃላፊነትም ሁለት ያደርገዋል።

ሰ. የርክክቡ ደረጃዎች በአንድ ገጽ ተጽፈው፣ የኃላፊዎች ስልክ ቁጥር ተጨምሮበት፣ በወረቀት ታትመው ይቀመጡ። መመሪያው በወደቀው ሰርቨር ውስጥ ብቻ ካለ አይነበብም።

ማጠቃለያ

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንደሚባለው፣ መረጃ ከጠፋ በኋላ የሚደረግ ስብሰባ የጠፋውን አይመልስም። በወንጌል የተነገረላቸው ልባሞች ደናግል የተመሰገኑት ከመብራታቸው ጋር ዘይት በመያዛቸው ነው፤ መብራትማ ሰነፎቹም ይዘው ነበር። እኛም ሰርቨር ስለ ገዛን ብቻ ተዘጋጅተናል ማለት አንችልም። ዝግጅት የሚባለው፣ ሁለቱ ቅጂዎች አንድ መሆናቸውን ዘወትር መመርመር፣ በተለያዩ ጊዜ የሚታመነውን አስቀድሞ ማወቅና ወደ ኋላ የሚመልስ ባክአፕ በሌላ ቦታ ማኖር ነው። በመዝገባችን ላይ ያለው እያንዳንዱ ስም የአንድ ሰው ስም ነውና፣ እርሱን ከነሙሉ ታሪኩ ጠብቆ ማቆየት የተራድኦው አገልግሎት አንዱ ክፍል ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።